ፊቱን አጽጂልኝ

ሰፈሩ በሙሉ «ሽቦ» ነው የሚላት። ቅጥነቷን አይቶ የወጣላት ስም የሚመስለው ሰው አለ፤ ቀጭን መሆኗም ውሸት አይደለም። ስሙን ያወጣላት ግን ሥራ ያስተማራት ሰውዬ ነው። አንድ ቀን ምሳ ሊበሉ ሲቀመጡ፣ እጇን ልትጠርግ ከኪሷ መሐረብ አወጣለሁ ብላ ጥቅልል ሽቦ መዘዘች። ከሌላው ኪሷም ሽቦ ወጣ። ፀጉሯን ያሰረችበትም ሽቦ ሆኖ ተገኘ። «አንቺማ ራስሽ ሽቦ ነሽ» አላት፤ በዚያው ጸደቀ። ዛሬ እናቷ እንኳ ስትደውልላት አንዳንዴ ይሳሳታትና በዚሁ ስም ትጠራታለች፤ ከዚያ «ውይ» ብላ ለብቻዋ ትስቃለች።

በዚህ ስም ጠርቷት የማያውቅ ሰው ቢኖር አባቷ ነበር።

ሱቋ በልብስ ሰፊውና በጎማ ጠጋኙ መካከል የተሰነቀረች፣ ከፊት ጠባብ ወደ ውስጥ ግን ረዘም ያለች ክፍል ናት። መግቢያዋ ላይ ወደ ታች የሚጎተት የቆርቆሮ መዝጊያ አለ። በግራ በኩል የሥራ ጠረጴዛዋ፤ ጠረጴዛው ላይ ፒንሳ፣ በየመጠኑ የተደረደረ ካቻቢቴ፣ የስታኞ ማቅለጫ፣ ሽቦ የሚጠቀለልበት ጥቁር ናስትሮ። ጥግ ላይ አንድ ሳሙና የማይለየው የእጅ መታጠቢያ። ከበስተ ኋላ ያለው ግድግዳ ደግሞ ነጭ ቀለም የተቀባ ባዶ ግድግዳ ነው። እዚያ ላይ ኮት የሰቀለ ደንበኛ ወዮለት። አንዴ ልብስ ሰፊው ለበጎ አስቦ የአበባ ሥዕል አምጥቶ ሰቅሎላት፣ ሥዕሉን ከነምስማሩ ነቅላ መለሰችለት፤ ለሳምንት ተኳርፈው ነበር። ግድግዳው የመብራት መለኪያዋ ነው፤ ወደዚያ እንመጣለን።

ሥራዋ የሞተር ሳይክል ኤሌክትሪክ ነው። ስሟ የተነሣው ግን ፊት በማጽዳት ነው። ፊት ማጽዳት ማለት ምን መሰላችሁ? ረጅም መንገድ የሚሄድ ትልቅ ሞተር ያለው ሰው አንድ አመል አለበት፤ መብራት መጨመር። መጀመሪያ ዋናው መብራት አነሰኝ ብሎ በቀኝ አንድ ፓውዛ ያስገጥማል። ከዚያ ግራው ጎደሎ መሰለኝ ብሎ ሌላ። ሁለቱን የሚሸከም የሚያብለጨልጭ ዘንግ ይጨመራል። በዘንጉ ሥር ቡጢ የሚያክሉ ፍሬቻዎች እንደ ጆሮ ጉትቻ ይንጠለጠላሉ። እያንዳንዱ የራሱ ሽቦ አለው፤ ሽቦው በሽቦ ላይ፣ ናስትሮው በናስትሮ ላይ እየተጠመጠመ ይሄድና የሞተሩ ፊት የገበያ ቀን ይመስላል። እሷ ያንን ሁሉ ታወርደዋለች። አንድ ደህና መብራት፣ ግራና ቀኝ ጎማውን በያዙት እግሮች ላይ እንደ ጣት የቀጠኑ ፍሬቻዎች፣ ሽቦው በሙሉ ወይ በመሪው ቱቦ ውስጥ ወይ በመብራቱ ቆብ ውስጥ። ሲያልቅ ሞተሩ ፊቱን ታጥቦ የወጣ ሰው ይመስላል። «ምኑን ነው የሠራሽው ታዲያ? ምንም የለም እኮ» ያላት ደንበኛ ነበረ። እንደዚያ የተደሰተችበት ምስጋና የለም።

አሁን ወደ አባትየው። ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ የመንገድ ቀያሽ ነበር። ሦስት እግር ባለው መሣሪያ ጀርባ አጎንብሶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ተራራን በመስመር ሲቆርጥ የኖረ ሰው ነው። ዓይኑ አይጣል ነው። የሰው ቤት ገብቶ ገና ሳይቀመጥ «ያ መስኮት ወደ ግራ ሰግዷል» ይላል። ባለቤቶቹ ይቆጣሉ፤ ሲለካ ሰግዶ ይገኛል። ጡረታ ሲወጣ ሰው ሁሉ አሁንስ ያርፋል ሲል፣ እሱ ትልቅ የጉዞ ሞተር ገዝቶ በር ላይ አቆመ። በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ሚስቱን ከኋላ አስቀምጦ፣ በተራራው መንገድ፣ ራሱ ወጣት ሳለ በቀየሰው መንገድ ማለት ነው፣ እህቷ ዘንድ ይወስዳታል። እህትማማቾቹ ሳምንት ሲያወሩ እሱ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ሞተሩን ይወለውላል። ደስታው እሱ ነበር።

ልጁ የባንክ ወንበሯን ትታ ከሽቦ ጋር ልትውል ስትወስን አልተቆጣም። ቢቆጣ በተሻላት። «ያንቺ ነገር» አለና ጋዜጣውን ገለጠ፤ ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ ሞተሩ በታመመ ቁጥር፣ በልጁ ሱቅ ደጃፍ አልፎ፣ አዎ፣ በደጃፏ አልፎ፣ ወደ ማግኔት ጋራዥ ይወስደዋል። ማግኔት ያ ሥራ ያስተማራት፣ ስም ያወጣላት ሰውዬ ነው፤ የጠፋ ዳዶ ሁሉ ዞሮ ዞሮ እሱ ልብስ ላይ ስለሚገኝ ማግኔት ተባለ። እሷ የአባቷን ሞተር ድምፅ ከሩቅ ታውቀዋለች። ሲመጣ ትሰማለች፣ ሲያልፍ ትሰማለች። ጎማ ጠጋኙ «አባትሽ አለፉ» ይላታል፣ ነገረኛ ስለሆነ። «ለምዶበት ነው» ትላለች ቀና ሳትል። ለምዶበት ነው ትበል እንጂ ያንገበግባት ነበር። ከተማው ውስጥ ያለ ሞተረኛ ሁሉ እጇን ሲያመሰግን፣ አንድ ሰው፣ ያ አንድ ሰው «ጎሽ» ቢላት የሌላውን ሁሉ ምስጋና በሰጠችው።

እንግዲህ አንድ ጠዋት ያ ድምፅ መጣ፤ ሳያልፍም ቆመ።

አባትየው ሄልሜቱን አውልቆ በር ላይ ቆሞ ነበር። ሱቁን ሲጎበኝ የመጀመሪያው ስለሆነ እንደ እንግዳ እግሩን ጠራርጎ ነው የገባው። «ሥራ አለሽ?» አላት።

«ግባ አባዬ። የለኝም።» ነበራት፤ ሁለት ሞተር ተፈትቶ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል። በእግሯ ገፋ አደረገችው።

«ይሄን ሞተር ፊቱን አጽጂልኝ። አርጅቷል፤ ዝብርቅርቁ ወጥቷል። የሰውን ሁሉ ስታሳምሪ እሰማለሁ።» ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ። «ብቻ የምታስገቢው መብራት ጠንካራ ይሁን። አለ የተባለ። እነዚህ ሁሉ ተደምረው የሚያበሩትን ያህል ብቻውን የሚያበራ። ነገ ከእናትሽ ጋር እንወጣለን።»

ሽቦ ምን ተሰማት ብትሉኝ፣ ልቧ ከደረቷ ሊወጣ ነበር። «እሺ» አለች ድምፅዋን ለመግራት እየታገለች። አባቷ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ እሷም የሰው ሥራ ሁሉ ትታ ጀመረች።

እንደዚያን ቀን ሠርታ አታውቅም። ያንን ዘንግ ስትፈታው ዝገቱ ከነታሪኩ ወረደ። ማግኔት በየዘመኑ የጠመጠመውን ናስትሮ ስትልጥ «የኔ ጌታ፣ ይሄ ሁሉ ምን ይሠራል» እያለች ለራሷ ትስቅ ነበር። አዲሱን መብራት ቆቡ ውስጥ ለማስገባት የቆቡን ከንፈር በሞረድ አስፍታ፣ ለመብራቱ ማሰሪያ አዲስ ጠፍጣፋ ብረት ቆርጣ፣ ቀጫጭኖቹን ፍሬቻዎች በሁለቱ እግሮች ላይ አሰረች። ሽቦውን በመሪው ቱቦ ውስጥ በክር እየጎተተች አሳለፈች። ስትጨርስ ፍሬቻውን ብታበራው እንደ እብድ ተርገበገበ። አባቷ «ምን ሆነ?» ሲላት ሳቀች። «አዲሶቹ ፍሬቻዎች ከድሮዎቹ በጣም ያነሰ ኤሌክትሪክ ነው የሚበሉት። የሚያርገበግበው ዕቃ ደግሞ የድሮ ነው፤ ሲያንስበት አምፖል የተቃጠለ መስሎት ይደነግጣል። እሱን እንቀይረዋለን» አለችው። ቀየረችው፤ ፍሬቻው እንደ ጨዋ ሰው ቀስ ብሎ በራ፣ ጠፋ።

አባትየው ሻይ አስመጥቶ አብሯት ዋለ። ስለ ድሮ መንገድ ሥራ አወራላት፤ እሷም የምትሠራውን ስም በስም ነገረችው። አንድ ጊዜ ሻዩን ሲያስቀምጥ ብርጭቆው ከጠረጴዛው ጠርዝ ግማሹ ወጥቶ ቆመና ሊወድቅ ሲል ያዘችው። ሌላ ጊዜ ካቻቢቴ አቀብለኝ ብትለው፣ እጁ ሥር ያለውን ትቶ ጠረጴዛውን በመዳፉ ሲዳብስ ቆየ። አየችው፤ አየችና ወደ ሽቦዋ ተመለሰች። ደስታ ሰውን እንደዚህ ነው የሚያደርገው፤ ዓይኗ ያለው ሞተሩ ላይ ነበር።

ሲያልቅ ወልውላ ገለል አለችለት። አባቷ ተነሥቶ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ከሞተሩ ፊት ለፊት ቆመ። ረዘም ላለ ጊዜ ቆመ። «ድንቅ ነው» አለ። «እንከን አይወጣለትም። እጅሽ ይባረክ።»

ሽቦ ዞር ብላ እጇን ታጠበች። የታጠበችው እንባዋ እንዳይታይ ነው እንጂ እጇ ላይ ያለው ቅባትማ በውኃ የሚለቅ አይደለም።

አሁን የግድግዳው ነገር። መብራት ከተገጠመ በኋላ ከፍታው ይስተካከላል። የሚስተካከለው ደግሞ ባለቤቱ ተቀምጦበት ነው፤ ሰው ሲቀመጥ ሞተሩ ከኋላ ዝቅ ስለሚል መብራቱ ከፊት ቀና ይላል፣ ባዶውን ያቀኑት እንደሆነ መንገድ ላይ የመጪውን ሰው ዓይን ያጠፋል። ስለዚህ ሽቦ ባለቤቱን ታስቀምጠዋለች፣ የቆርቆሮ መዝጊያውን ወደ ታች ጎትታ ክፍሉን ታጨልማለች፣ ነጩ ግድግዳ ላይ በጠመኔ አንድ መስመር ታሰምራለች። እሷ ከመብራቱ ሥር ተንበርክካ ማስተካከያውን ስታዞር፣ የተቀመጠው ሰው የብርሃኑ ጫፍ መስመሩን ሲነካ ይነግራታል። ሥራው የሁለት ሰው ነው፤ እሷ ከሥር ሆና ግድግዳውን አታይም።

አባቷን አስቀመጠችው። መዝጊያውን አወረደች። መብራቱ ሲበራ ክፍሉ ቀን ሆነ። ተንበረከከች፣ ካቻቢቴዋን ከማስተካከያው አገናኘች። «በል አባዬ፣ መስመሩን ሲነካ ንገረኝ።»

«ከፍ አድርጊው» አለ። «ትንሽ። አሁንም ትንሽ። ትንሽ ይቀረዋል።» ካቻቢቴው እየዞረ ሄደ። «በቃ፣ አሁን። ልክ መስመሩ ላይ ነው።»

ቀና ብላ አየች። ብርሃኑ ጣሪያውን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ግድግዳው ላይ ደግሞ መስመር የለም። ጠዋት ግድግዳውን በእርጥብ ጨርቅ ወልውላው ነበር፤ ጠመኔው አሁንም ከሽርጧ ኪስ ውስጥ ነው። በደስታ ብዛት ማስመሩን ረስታዋለች።

ሽቦ ክው አለች። ሲቀልድባት ይሆን ብላ ፊቱን አየች፤ አይቀልድም። ግንባሩን ቋጥሮ፣ ዓይኑን አጥብቦ፣ ባዶውን ግድግዳ አፍጥጦ ያያል። «እርግጠኛ ነህ አባዬ?» አለችው ቀስ ብላ።

«መስመር እኔን ትጠይቂኛለሽ?» አለና ሳቅ አለ። «የቀያሽ ልጅ አይደለሽም እንዴ?»

መብራቱን አጠፋች፣ መዝጊያውን ወደ ላይ ሰቀለች። «አንዲት ትንሽ ዕቃ ቀርታኛለች። ነገ እናትዬን ይዘህ ስትመጣ ውሰደው» አለችው። እሱም እሺ ብሎ ሄልሜቱን በክንዱ ይዞ በእግሩ ሄደ። ከበሩ ሲወጣ ደረጃዋን በእግሩ ጫፍ ፈልጎ ነው የወረደው። ቀን ሙሉ እንደዚያ ሲያደርግ ውሎ ኖሯል፤ አሁን ነው የታያት።

ሱቋን እንደተከፈተ ጥላ ወደ ማግኔት ጋራዥ በረረች። ማግኔት ከአንድ ሞተር ሥር ተጋድሞ ነበር፤ እግሯን አይቶ ማን እንደመጣ ዐወቀ። «ነይ ሽቦዬ። አባትሽ መጡ አይደል?» አለ ሳይወጣ።

«እንዴት ዐወቅክ ጋሼ?»

ማግኔት ወጥቶ ተቀመጠ። ከደረቱ ላይ ሁለት ዳዶ ለቀመ። «ካምና ጀምሮ መብራቱን ከፍ አድርግልኝ እያሉ ይመላለሱ ነበር። አንዴ አደረግሁ፤ እንደገና መጡ። መብራቱ ሰው ያሳውራል አልኳቸው፤ አምፖል ቀይርልኝ አሉ። ቀየርኩ፤ እንደገና መጡ። ባለፈው ሳምንት ቁርጡን ነገርኳቸው። መብራቱ ደህና ነው፣ ዓይንዎን ይታዩ፣ እኔ ከዚህ በኋላ አልነካውም አልኳቸው። ተቆጡ፤ አይቻቸው በማላውቀው ሁኔታ ተቆጡ። እኔ ላንቺ ልነግርሽ ነበር፤ አፌ እምቢ አለኝ።»

ሽቦ ዞራ ወጣች። ስንት ዓመት የጠበቀችው ነገር መጥቶ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ የመጣው ግን እጇን ፈልጎ አልነበረም። ሌላው በር ስለተዘጋበት ነው። ያ «እንከን አይወጣለትም» የተባለው ምስጋናም፣ ሰውዬው ያላየውን ነገር ነው ያመሰገነው። ሱቋ ስትደርስ ቅስሟ ተሰብሮ ነበር። ጎማ ጠጋኙ አፉን ሊከፍት ሲል ፊቷን አይቶ ዘጋው፤ ለሱ ትልቅ ነገር ነው።

ተቀምጣ አሰበች። ነገ ሞተሩን ብትሰጠው ሁሉም ደስ ብሎት ይሄዳል። «ልጄ ሠራችልኝ» እያለ አክስቷ በረንዳ ላይ ይወለውለዋል። እምቢ ብትለው ደግሞ ይቺን ያገኘቻትን አንዲት ቀን ታጣለች፤ ምናልባት ዳግመኛ በዚህ በር አይገባም፣ እሷም የዓይኑን ነገር በአደባባይ ያወጣች ልጅ ሆና ትቀራለች። ከኋላ የምትቀመጠው ግን እናቷ ናት። መንገዱም የተራራ መንገድ ነው፤ በስተቀኝ ገደል፣ በስተግራ የጭነት መኪና። ይህን ስታስብ ክርክሩ አለቀ፤ ማልቀሷ ግን አላለቀም።

በማግስቱ ሁለቱም መጡ። እናትየው አጭር፣ ደርበብ ያለች፣ ቀልድ የማታጣ ሴት ናት። ለጉዞ የሚያስፈልገውን በጀርባ ቦርሳ ይዛ፣ ሄልሜቷን ገና ከቤት ጀምሮ አጥልቃ መጥታለች። ሞተሩን ስታይ ቆመች። «እንዴ፣ ያ ሁሉ ኮተት የት ሄደ? ይሄ የኛ ነው?» አለች።

«ያንቺ ልጅ ሥራ ነው» አለ አባትየው፣ አፉን ሞልቶ። እጁን ዘረጋ። «ቁልፉን አምጪ።»

ሽቦ ቁልፉን በመዳፏ ጨብጣ ኪሷ ውስጥ አስገባችው። «አባዬ፣ አትነዳውም።»

«ምን?»

«ትናንት ግድግዳው ላይ መስመር አልነበረም። ማስመሩን ረስቼው ነበር። አንተ ግን መስመሩ ላይ ደረሰ አልከኝ።»

የአባትየው ፊት ቀስ እያለ ጠቆረ። «ማግኔት ነው የነገረሽ።»

«መጀመሪያ የነገረኝ ግድግዳው ነው። ማግኔትን ከዚያ በኋላ ነው የጠየቅሁት።»

«ስሚ» አለ። «ዓይኔ ደህና ነው። ትንሽ ጭጋግ ቢጤ ነው፤ መብራቱ ከፍ ካለ ይጠፋል። መንገዱን እኔ ነኝ የቀየስኩት። ጨፍኜ እነዳዋለሁ።»

«እሱን ነው የፈራሁት» አለች ሽቦ።

«እኔ ወዳንቺ የመጣሁት እምቢ አትይኝም ብዬ ነበር።»

«ዐውቃለሁ። እሱ ነው ያመመኝ» አለች። «ሥራዬን ፈልገህ የመጣህ መስሎኝ ነበር። ቀኑን ሙሉ እንደ ሕፃን ስፈነድቅ ነው የዋልኩት። ይሁን፤ እሱ ይቅር። ቁልፉን ግን አልሰጥህም። ብትፈልግ ከዛሬ ጀምሮ አታናግረኝ።»

ልብስ ሰፊው ማሽኑን አቁሟል፤ ግድግዳው ስስ ነው። አባትየው ወደ ሚስቱ ዞረ፤ ምስክር የሚጠራ ሰው ይመስል ነበር። «ንገሪያት እንጂ። ባለፈው ዓመት እንኳ ስንሄድ ምን ሆንን? አንዲት ጉድጓድ ገባሁ?»

እናትየው ሄልሜቷን አወለቀች። «አልገባህም» አለች። «ጉድጓድ ሲመጣ ጎንህን የምጫንህ ለምን ይመስልሃል?»

አባትየው አልገባውም።

«ወደ ግራ ስፈልግህ ግራ ጎንህን፣ ወደ ቀኝ ስፈልግህ ቀኝ ጎንህን። መኪና ሲመጣ ደግሞ ሁለቱንም ጥብቅ አድርጌ፤ ያኔ ትቀዘቅዛለህ። መጀመሪያ ፈርቼ ነበር የያዝኩህ። ስይዝህ እንደምትታዘዝ ሳይ በዚያው ቀጠልኩ። ይኸው ዓመት አለፈን። ሁላችሁም ከኋላ ተቀምጣ ታንቀላፋለች ትሉኛላችሁ። እኔ አንቀላፍቼ አላውቅም፤ እዚያ ስንደርስ ሁለት ቀን የምተኛው ለምን ሆነና?»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» አለ፤ ከድምፁ ውስጥ የቀረ ቁጣ አልነበረም።

«ብነግርህ ከሞተሩ አትወርድም ነበር። እኔን ነበር የምታወርደኝ። ያኔ ማን ይመራሃል?»

አባትየው በእጁ ወንበሩን ፈልጎ ተቀመጠ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሽቦ አባቷን እንደዚያ ሆኖ አይታው አታውቅም። እናትየው ግን ሄዳ ከጎኑ ቆመችና ትከሻው ላይ እጇን አሳረፈች። በኋላ እናትየው «እህቴ ዘንድ በአውቶቡስ እንሄዳለን። ስንመለስ ሐኪም ቤት። እኔም እንደሰው መስኮት አጠገብ ተቀምጬ ዛፍ ልይ» አለች። እሱም ፊቱን ከእጆቹ ሳያወጣ ራሱን ነቀነቀ፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ አይለይም።

ከዚያ ተነሣ። ወደ ሞተሩ ሄደ፤ ሲሄድ ከጎኑ ያለውን የሥራ ጠረጴዛ ይዞ ነው፣ መደበቁን ትቶታል። ከሞተሩ ፊት ሲደርስ ቁጢጥ አለ። «ትናንት ድንቅ ነው ያልኩሽ» አለ፣ ወደ ልጁ ሳይዞር፣ «አላየሁትም ነበር። አንድ ነጭ ነገር ነው የታየኝ።»

«ዐውቃለሁ አባዬ።»

ሁለት እጁን ዘርግቶ መብራቱን ያዘ። የቆቡን ዙሪያ በጣቶቹ ዳሰሰ፤ ቀስ እያለ፣ ካርታ እንደሚያነብ ሁሉ። ጣቶቹ ዘንጉ ወደ ነበረበት ቦታ ወረዱ፤ ዘንግ የለም። ሽቦው ይጠመጠምበት ወደ ነበረው ቦታ ሄዱ፤ ባዶ ብረት ነው። ጣቱን ወደ ኋላ መለሰና እንደገና ፈለገ። በመሪው ሥር፣ በቱቦው ጎን፣ ከመብራቱ ጀርባ፤ የለም። «ሽቦው የት ገባ?»

«ውስጥ ነው። በቱቦው ውስጥ አሳልፌው ነው።»

«በዚህች ቀዳዳ? እንዴት ብሎ አለፈ?»

«በክር ጎትቼ።»

«ህም» አለ። ወደ ግራው ፍሬቻ ወረደ፣ ዙሪያውን ነካ፤ ወደ ቀኙ ሄደ፣ ነካ፤ በስንዝሩ ከጎማው መሀል ለካቸው፤ እኩል ናቸው። ጣቶቹ ወደ ቆቡ ከንፈር ተመለሱ፤ ሽቦ በሞረድ ያሰፋችው ቦታ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ወደ ፊት ሄዱ፣ ወደ ኋላ ተመለሱ፣ እዚያው ቆሙ። ግንባሩን ቋጠረ፤ ሰው ቤት ገብቶ የሰገደ መስኮት ሲያይ እንደሚቋጥረው።

«እዚህ ጋ ሻክሯል» አለ። «ሌላው ሁሉ ልክ ነው። ይቺ ብቻ ከሥር በኩል አልለሰለሰችም።»

ሽቦ ተንበርክካ ጣቷን ከጣቱ አጠገብ አስገባች። እውነቱን ነው፤ የፀጉር ያህል ነች፣ ግን አለች። በዓይን ቢሆን ማንም አያያትም ነበር። እንባዋ ወረደ፣ እየወረደም ሳቀች።

«ሻክሯል» አለች። «አለስልሰዋለሁ አባዬ።»

«አሁን አለስልሺው። እኔ እይዝልሻለሁ» አለ አባቷ፤ እጁንም ከዚያች ቦታ አላነሣም።

እሷም ደቃቁን ሞረድ ለማምጣት ተነሣች። እናትየው የአውቶቡሱን ሰዓት አስታወሰቻቸው፤ ማንም አልሰማትም።